የሰልፍ ጫማ አጸዳድና አወላወል፤ በዋልካ አፈር ላይ ለምንኖር

በደንብ ልብስ የሚያገለግል ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥንድ ጫማ አለው። አንደኛው የዘወትር ሥራ ጫማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሰልፍ፣ ለምረቃ፣ ለበዓልና ለቀብር ሥነ ሥርዓት ብቻ ከሳጥን የሚወጣው ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የደንብ ልብስ ለብሼ ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ አሁን የምኖረውም በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ወይም የሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሲቃረብ፣ የሰንዳፋው ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሲደርስም፣ የሰፈሩ ወጣቶች ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ቤቴ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስወለውል አድሬ ለምን ጭጋግ ለበሰብኝ?» ይሉኛል።

ጫማውን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳስጠጋው መልሱ ወዲያው ይታያል። በጫማው የፊት ጫፍ ላይ እንደ ቅቤ የተለጠለጠ ወፍራም ቀለም አለ፤ ሶሉና የላይኛው ቆዳ በሚጋጠሙበት ስፌት ውስጥ ደግሞ የደረቀ ግራጫ ጭቃ ተሰግስጓል፤ ምላሱን ገለጥ ሳደርገው ካለፈው ክረምት የቀረ አቧራ አገኛለሁ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የደከመው እውነት ነው፤ ነገር ግን የቀባው ቆዳውን ሳይሆን አፈሩን ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። ለጫማው ካሰቡት ጊዜ ግማሹን ቀለም ሳይነኩ ለጽዳቱ ብቻ ይስጡት፤ ቀለሙን ሲጀምሩ ደግሞ «ይበቃል» ብለው ከሚገምቱት መጠን ሩቡን ብቻ ይውሰዱ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ለአፈሩ አንድ ጠንካራ ብሩሽ፣ ለመወልወያ ከፈረስ ጸጉር የተሠራ ሰፋ ያለ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለስፌቱ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ጥቂት ስቴኪኒ፣ ጥቁር የቆርቆሮ ቀለም፣ ጥጥ፣ አሮጌ ጋዜጣና ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ነጭ ከነቴራ ይበቃሉ። ከነቴራው ነጭ እንዲሆን የምፈልገው ምን ያህል ቀለም እንዳነሣሁና ጨርቁ መቼ እንደ ቆሸሸ በግልጽ ስለሚያሳየኝ ነው፤ ባለቀለም ጨርቅ ይህን ይደብቃል። ስፌቱንና ጠርዙን ቆርጠው ይጣሉት፤ ሻካራ ክር አንድ ሰዓት የተደከመበትን ብርሃን በአንድ ምት ይቧጭራል። ቡናማ ጫማ ካለዎት ብሩሹ ለብቻው ይሁን።

ጭቃውን ማስለቀቅ

ከከተማው በስተ ደቡብና በስተ ምሥራቅ ዳር፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ጀምሮ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ የምንኖር ሰዎች ዋልካን በደንብ እናውቀዋለን። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ከእግር ጋር ተጣብቆ ይነሣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። በመንገዱ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ በጫማዎም ላይ ያደርገዋል፤ በቆዳው ላይ ሲደርቅ እርጥበቱን እየመጠጠ ይኮማተራል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። ለዚህ ነው ጭቃ የነካው የሰልፍ ጫማ እስከ ቅዳሜና እሑድ ድረስ ከበር ሥር መጣል የሌለበት። በእንጦጦ ግርጌ ያሉ ወዳጆቼ ቀይ አፈር ነው የሚያስቸግራቸው፤ እርሱ ለመርገፍ ይቀላል፣ ይሁን እንጂ በስፌቱ ክር ላይ ቀላ ያለ ቀለም ስለሚተው ለጥርስ ብሩሹ ብዙ ሥራ ይፈጥራል።

እርጥብ ጭቃን በጨርቅ አይጥረጉ። ጭቃ ውስጥ አሸዋ አለ፤ እርጥቡን ሲያሹት አሸዋው ቆዳውን ይፍቀዋል፣ ቀሪው ደግሞ ወደ ስፌቱ ይገባል። ጓል ጓሉን በቀጭን እንጨት ወይም በአሮጌ የፕላስቲክ ማንኪያ ጠርዝ ካነሡ በኋላ፣ የቀረው በጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓታት ይጠንፍ። ከዚያ ሁለቱን ጫማዎች ሶል ለሶል መታ መታ ያድርጓቸው፤ አብዛኛው ይረግፋል። የጫማውን ማሰሪያ ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ማሰሪያው ካልወጣ ምላሱም ሆነ የማሰሪያው ቀዳዳ ዙሪያ አይጸዳም፤ በሰልፍ ቆሞ ሱሪ ከፍ ሲል የሚታየው ደግሞ ይኸው ቦታ ነው። በጠንካራው ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ካራገፉ በኋላ፣ በጥርስ ብሩሹ የሶሉን ስፌት ዙሪያውን ይዙሩት፤ ብሩሹ የማይደርስበትን በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብለው ይልቀሙት፣ ክሩን ግን እንዳይበጥሱት ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ ከነቴራውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨምቀው፣ ተራ የገላ ሳሙና ላይ አንዴ ብቻ አሳርፈው ቆዳውን ይጥረጉት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና በረኪና ወደ ጫማው አይቅረቡ። የተለፋ ቆዳ በባሕርዩ ትንሽ አሲድነት ያለው ነገር ነው፤ እነዚህ ደግሞ በተቃራኒው አልካሊ ስለሆኑ የቆዳውን ዘይት ነጥቀው ያደርቁታል። ተራውም ሳሙና ቢሆን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በቆዳው ላይ መቆየት ስለሌለበት፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ያንሡት። ወጣቶቹ ከሚያመጡልኝ ጭጋግ ውስጥ ቀላል የማይባለው ሳሙና ነው፤ በሳሙና ላይ የተቀባ ቀለም ምንም ያህል ቢታሽ አይጠራም።

ስለ ማድረቅ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አገልግሎት በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የሥነ ሥርዓቱ ዋዜማ ዝናብ ደብድቦኝ ጫማዬ እስከ ገበሩ ድረስ ራሰ። እቤት ስገባ ቡና እየተፈላ ስለነበር፣ ጫማዬን ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስጠግቼ ተኛሁ። ጠዋት ሳነሣው የግራው ጫማ እግር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቆ፣ የፊቱም ሶል አፉን ከፍቶ አገኘሁት። ቀለም ደፍኜበት ሄድሁ፤ ነገር ግን ገና ሰልፉ ሳይጀመር ስንጥቁ ነጭ ሆኖ ወጣ። የሆነው ነገር ምሥጢር አልነበረም። የቆዳ ክሮች እርጥብ ሆነው ሙቀት ሲያገኛቸው ይኮማተራሉ፤ ከተኮማተሩ በኋላ ወደ ነበሩበት አይመለሱም፤ ሶሉን የያዘው ማስቲሽም በሙቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን እሳትም ቀጥተኛ ፀሐይም አሳይቼው አላውቅም። ጋዜጣ ጨማድደው እስከ ጫፉ ድረስ ይሙሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ውስጥ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩት፤ ጫማውን በጎኑ አስተኝተው ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ያሳድሩት። ጋዜጣው እርጥበቱን ከመጠጣቱም በላይ የጫማውን ቅርጽ ይጠብቃል። በክረምት አንድ ሌሊት ላይበቃ ይችላልና የዋዜማ ሥራ አያድርጉት።

አሮጌውን ቀለም ማንሣት

ጫማው ብዙ ጊዜ የተቀባ ከሆነ አሮጌው ሰም ከላዩ ላይ ተጋግሮ ይገኛል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፍርፋሪ ይታያል፣ በጥፍር ጫር ሲያደርጉትም ጥቁር ነገር ጥፍርዎ ውስጥ ይገባል። አንዳንዶች ይህን በቲነር ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያነሡታል፤ ሰሙ ይለቃል፣ ነገር ግን ፋብሪካው በቆዳው ላይ ያለበሰው ሽፋንም አብሮ ይሄዳል፣ ቦታውም ዳግመኛ ብርሃን አይይዝም። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ርካሽና የማይጎዳ ነው። ትኩስ የቆርቆሮ ቀለም በጨርቅ አንሥተው በአሮጌው ላይ ያሹትና፣ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። በአዲሱ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ አሮጌውን ሰም አለስልሶ ይዞት ይወጣል። ጨርቁ ጥቁር ፍርፋሪ ማምጣቱን እስኪያቆም ድረስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደጋግሙት።

ቆዳው ከዚህ በኋላ ደብዝዞ፣ ደርቆና አርጅቶ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ እንዲያውም ትክክለኛ ፊቱ ይህ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ለስላሳ የጫማ ክሬም ነው፤ በጣም ስስ አድርገው፣ በተለይ በሚታጠፈው ክፍል ላይ አስርገው ይቅቡና ሌሊቱን ያሳድሩት። ክሬም ካጡ ሳይቀቡ ይለፉት እንጂ በምትኩ ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት ወይም ላምባ አያድርጉ። ዘይት የጠጣ ቆዳ ላይ ሰም አይቆምም፤ የምግብ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ ይሻግታል፣ ይሸታልም።

ቀለሙና ውስጡ ያለው

የቆርቆሮ ቀለም በመሠረቱ ሰም፣ ሰሙን የሚያለሰልስ ቶሎ የሚተን ማሟሟያና ጥቁር ማቅለሚያ ነው። ሲቀቡት ማሟሟያው ይተንና ሰሙ ይቀራል፤ የሚወለወለውም ይህ የቀረው ሰም ነው። ሳይተን ከታሸ ግን ሰሙ ይላቆጣል እንጂ አይጠነክርም፤ በአንዱ ቅብና በሚቀጥለው መካከል የግድ የምንጠብቀው ለዚህ ነው። በእኛ አገርም ስሙ ቤተኛ የሆነው ኪዊ እ.ኤ.አ. በ1906 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ በዊልያም ራምዚ የተጀመረ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው የሚስቱ የትውልድ አገር ከሆነችው ከኒውዚላንድ ወፍ ነው። በዓለም የተዛመተውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ጫማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህች ትንሽ ቆርቆሮ ከሰልፈኛ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው።

ከጠጅ የሚገኘው ሰፈፍ ወይም ጧፍ አይሆንም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አገራችን በማርና በሰም የታወቀች ናት። ንጹሕ የንብ ሰም ግን በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል የሚቀልጥ ለስላሳ ሰም ስለሆነ፣ ብቻውን ሲቀባ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። ጥሩ የጫማ ቀለም ውስጥ የሚገባው ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ካርናውባ የተባለ ሰም ግን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነም ሲወለወል እንደ መስታወት ያበራል። በስፖንጅ የሚቀባውን ፈሳሽ ቀለምም ለሰልፍ ጫማ አልመክረውም። በደቂቃ ያበራል፣ ነገር ግን በቆዳው ላይ ቀጭን ልባስ ሆኖ ስለሚደርቅ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩም ቆዳው አይተነፍስም። ለሶሉ ጠርዝ ብቻ ያቆዩት።

መነሻውን ቅብ እንዲህ ያድርጉ። ጨርቁን ቀለሙ ላይ ዳሰስ አድርገው፣ የጫማውን ሁለንተና በስሱ ይቅቡ፤ ቆዳው ደብዘዝ ማለት አለበት እንጂ ጥቁር ጭቃ የተለጠፈበት መምሰል የለበትም። የሁለተኛውን ጫማ ቀብተው ሲጨርሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታገሡ። ከዚያ በፈረስ ጸጉሩ ብሩሽ ሳይጫኑ፣ ፈጠን እያሉ ወዲያና ወዲህ ይወልውሉት፤ ሥራውን የሚሠራው ክንድዎ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይህን ሲደግሙ ጫማው ለሥራ ቀን የሚበቃ ብርሃን ያገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሊስትሮዎቻችን አንድ ቃል ልበል። በታክሲ መያዣው ያለው ልጅ በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ቷ አድርጎ እግር ሲያስቀይር፣ ይህን የመነሻ ሥራ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ የእጁን ቅልጥፍና ብዙ ባለሙያ ነን ባይ አይደርስበትም። የሥራ ጫማዬን ዛሬም ለእርሱ ነው የምሰጠው። የሰልፍ ጫማ ግን የሚፈልገው ቅልጥፍና ሳይሆን ሰዓታትን ነው፤ ሰዓታት ደግሞ በመንገድ ዳር አይገኙም።

መስታወቱ

አሁን ወደ ዋናው ደርሰናል። የጫማ የፊት ጫፍ እንደ መስታወት የሚያበራው ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ አይደለም። ቆዳ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶችና ቀዳዳዎች አሉት፤ ብርሃን ሲያርፍበት በየአቅጣጫው ይበተናል። ሰሙ እየሳሳ በተደራረበ ቁጥር እነዚያን ጉድጓዶች ይሞላል፤ ፊቱ ሲስተካከል ብርሃኑ ሳይበተን ተመልሶ ወደ ዓይን ይመጣል። ስለዚህ ሥራችን ልክ እንደ ግድግዳ ልሰና ነው፤ አንድ ወፍራም ልስን ይሰነጠቃል፣ ብዙ ስስ ልስን ግን ይይዛል።

ይህ የሚደረገው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊት ጣቶቹ በሚሸፈኑበት ጫፍና ከኋላ ተረከዙን በሚያቅፈው ክፍል። ሁለቱም ውስጣቸው ማደንደኛ ስላለው አይታጠፉም። እግር ሲራመድ የሚጨማደደው መካከለኛው ክፍል ላይ ሰም ቢከምሩ በመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ይፈረካከሳል። መካከሉ በብሩሽ ብርሃን ይብቃው፤ ከጫፉ ወደ መካከሉ ሲሄዱ ድንበር ሆኖ እንዳይታይ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያዋሕዱት።

ከነቴራውን በጠቋሚና በመሐል ጣትዎ ላይ አጥብቀው ይወጥሩ፤ ትርፉን ከመዳፍዎ ውስጥ ጠምዘዝ አድርገው በአውራ ጣት ይያዙት። በጣቶችዎ ጫፍ ላይ ያለው ጨርቅ አንድም ጭምዳዳ ሊኖረው አይገባም፤ እያንዳንዱ ጭምዳዳ በሰሙ ላይ መስመር ያሰምራል። የቆርቆሮውን ክዳን ገልብጠው ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ያድርጉበት። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑ ሰሙ ቶሎ እንዲጠነክር ይረዳል፤ ከዚህም በላይ ጨርቁ የተቀመጠውን ሰም መልሶ እንዳያነሣው ያንሸራትተዋል። የቀድሞ ወታደሮች በዚህ ፈንታ ምራቅ ይጠቀሙ ነበር፤ ንጹሕ ውሃ በእጅጉ ይሻላል።

የክብሪት ራስ የምታህል ቀለም በጨርቁ ያንሡና ከሳንቲም በማይበልጥ ትንሽ ክብ፣ ከጫፉ አንድ ጎን ጀምረው ማሽከርከር ይጀምሩ። መጀመሪያ ፊቱ ይደበዝዛል። አያቁሙ፤ ድብዝዙ እየሳሳ እስኪጠፋ ድረስ በዚያው ቦታ ይዙሩ። ከዚያ ጣትዎን ውሃው ውስጥ ጠቅ አድርገው አንዲት ጠብታ ብቻ በጨርቁ ላይ ያሳርፉ፤ በቆዳው ላይ ውሃው እንደ ጤዛ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ሲቆም ካዩ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት። እንደገና ጥቂት ቀለም፣ እንደገና አንድ ጠብታ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ጫን ቢሉ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን እጅዎ እየቀለለ ይሂድ፣ በመጨረሻ ላይ የጨርቁ ክብደት ብቻ እስኪቀር ድረስ።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ይሆናል። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን እስከዚያ ድረስ በጫማው ጫፍ ላይ ነጭ ብናኝ ብቻ ነበር፤ አሁን ጠርዝ ያወጣል። በጥቂት ዙሮች ውስጥ የመስኮቱ ፍርግርግ ይለያል፣ ቀጥሎ የራስዎ እጅ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደስ ይለኛል። እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ስስ ቅብ ድረስ መሄድ የተለመደ ነው፤ አዲስ ጫማ ከሆነ በአንድ ማታ አያስገድዱት፣ በሦስት ማታ አንድ አንድ ሰዓት ይስጡት። ሌሊት በማረፉ ማሟሟያው ፈጽሞ ይወጣል፣ ሰሙም ይጠነክራል። መነሻው አንዴ ከተገነባ በኋላ ለሚቀጥለው ሥነ ሥርዓት ሩብ ሰዓት ይበቃዎታል። ሲጨርሱ አዲስ ጥጥ በውሃ አርሰው፣ ጨምቀው፣ ምንም ቀለም ሳይነኩ እጅግ በቀላሉ ያሳርፉበት፤ የቀረችውን ጭጋግ ያነሣታል። ከሴቶች ስቶኪንግ የተቆረጠ ቁራጭ ካለም በደረቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሻግሩት።

ጭጋጉ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቀለም መብዛት ነው። ተጨማሪ ቀለም መድኃኒቱ አይደለም። ጫማውን ለግማሽ ሰዓት ይተዉትና ተመልሰው በውሃ ጠብታ ብቻ፣ ያለ ቀለም፣ ንጹሕ በሆነ የጨርቁ ክፍል ይዙሩበት። አንድ ጊዜ እንዲህ ጭጋግ የለበሰ የጎረቤቴን ልጅ ጫማ ያዳንሁት በዚህ መንገድ ነበር፤ የቀባውን ትርፍ በትኩስ ቀለም አንሥቼ፣ ጨርቁን በእጁ ላይ ወጥሬለት፣ አንድ ጠብታ ውሃ ብቻ እየሰጠሁ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሲቸኩል እጁን ያዝ እያደረግሁ አዘገየሁት። ቀጫጭን ጭረት ከታየ ደግሞ አቧራ ገብቷልና ጨርቁን ይቀይሩ፤ በእኛ ሰፈር የግንባታ መኪና የማያልፍበት ቀን ስለሌለ መስኮቱን ዘግቶ መሥራት ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እከለክላለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የማታው ብርድ ሲበረታ ቀለሙ በቆርቆሮው ውስጥ ይደነድናል፤ ያን ጊዜ ክብሪት ጭሮ ቀለሙን ማቀጣጠል ከካምፕ የወረስነው ልማድ ነው። ማሟሟያው በቀላሉ የሚነድ ነገር ነው። ቆርቆሮው ሲግል ከእጅ ይወድቃል፣ የሚነደው ሰም ጣት ላይ ሲያርፍም ተጣብቆ ይቀራል፤ በዚህ የተቃጠለ እጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ክዳኑን ገጥመው ቆርቆሮውን በሁለት መዳፍ መካከል ይያዙት ወይም ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ይለሰልሳል። ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ ቀለም ማሟሟያው ይተንና ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ በሥራ መካከልም ቢሆን ክዳኑን ይመልሱ።

ከላዩ ላይ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን ኖሮት ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሚያብረቀርቅ ጫማ ከሆነ የደረሰዎት፣ ከላይ ያልሁት ሁሉ አይመለከትዎትም። እርሱ ሰም አይጠጣም። እርጥብ ጨርቅና ደረቅ ጨርቅ ይበቁታል፤ ቀለም ከቀቡት ያደበዝዘዋል። ለመለየት ካዳገተዎት ቆዳውን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ እውነተኛ ቆዳ በጣቱ ዙሪያ ቀጫጭን መስመር ያወጣል።

ቀሪው ጥቃቅን ነው። የሶሉንና የታኮውን ጠርዝ በጥርስ ብሩሽ ጥቁር ቀለም ያስይዙት፤ ከኋላ የሚቆመው ሰልፈኛ የሚያየው ታኮዎን ነው። ማሰሪያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ በካውያ ያቅኑትና ሳይጠማዘዝ፣ ከላይ የሚታዩት መስመሮች ትይዩ ሆነው እንዲተኙ ያስገቡት፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸሽጉ። ክሩ ከተመነጠረ አዲስ ይግዙ።

የሥነ ሥርዓቱ ጠዋት

ከኮንዶሚኒየሙ በር እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ስንት ሰዓት የተደከመበትን ሥራ በሦስት ደቂቃ ሊያበላሽ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ጫማዎቹን ለየብቻ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በከረጢት መያዝና እስከ ሥነ ሥርዓቱ ቦታ ድረስ በሌላ ጫማ፣ ዝናብ ካለም በፕላስቲክ ቦት መሄድ ነው። ሁለቱን ጫማዎች ሳይጠቀልሉ አንድ ላይ አይክተቱ፤ ጫፍ ለጫፍ ሲፋተጉ መስታወቱ ይቧጨራል። ሚኒባስ ውስጥ ከረጢቱን ከጉልበትዎ ላይ ያኑሩት እንጂ ከወንበር ሥር አያስገቡት። ሲደርሱ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ይጫሙ፤ ጎንበስ ብሎ በአንድ እግር ሲንገዳገዱ በገዛ ሶልዎ የሌላውን ጫፍ ይረግጡታል።

በሰልፍ ላይ ሆነው አቧራ ሲያርፍበት በጣት አይጥረጉት፣ በሱሪ ባትም አያሹት። አቧራው ራሱ ነው የሚፍቀው። በኪስዎ በያዙት ለስላሳ ጨርቅ ጫፍ ሳይጫኑ እፍ እያሉ ያራግፉት። ዝናብ ከጣለ ውሃው ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይቆማል እንጂ ቶሎ ወደ ቆዳው አይዘልቅም፤ ጠብታውን በጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ይምጠጡት።

ማታ ቤት እንደገቡ ጫማውን አራግፈው፣ ጋዜጣ ሞልተው፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ያሳድሩት፤ እግር ቀኑን ሙሉ ያስገባበት ላብ መውጣት አለበት። ጠዋት ደረቁን ብሩሽ አሳርፈውበት በጨርቅ ከረጢት ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። ፌስታል ውስጥ ቋጥረው አያስቀምጡት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነፋስ ያላገኘ ቆዳ በሳምንታት ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም መጀመሪያ የሚወጣው ከምላሱ ሥር ስለሆነ፣ በክረምት በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳጥኑን ከፍተው ምላሱን ገለጥ አድርገው ይመልከቱት።